«ኔትወርክ የለም» የሚባል ብልሽት የለም

በመቱ፣ በጎሬ፣ በያዮ፣ በሁሩሙ፣ በቡሬ፣ ወጣ ሲሉም በበደሌ፣ አንድ ባለጉዳይ ከመስኮቱ ኋላ ከተቀመጠው ሠራተኛ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል ብዙ ጊዜ ሰላምታ አይደለም። «ኔትወርክ የለም» ነው። ዘመናዊ ለመሆን ሲፈለግ «ሲስተም የለም» ይባላል። በአፋን ኦሮሞ ሲሆን «ኔትወርኪን ሂንጂሩ»። ቋንቋው ቢለያይም ውጤቱ አንድ ነው፤ ባለጉዳዩ ራሱን ነቅንቆ ይወጣል፣ ከሰዓት ይመለሳል፣ ከሰዓት ካልሆነ ነገ፣ ነገ ቅዳሜ ከሆነ ሰኞ።

ከዳሪሙ ወይም ከአልጌ በክረምት ጭቃ ተሳፍሮ መቱ የገባ ገበሬ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከፍሏል፤ ምሳ በልቷል፤ ካመሸ አልጋ ይይዛል። ጊዜው የቡና ለቀማ ከሆነ ደግሞ የአንድ ቀን መጥፋት ዛፉ ሥር ይታያል። ይህን ሁሉ ወጪ የሚመዘግብ መዝገብ በየትኛውም ቢሮ የለም። ግብሩን በቀኑ ባለመክፈሉ የሚመጣበት ቅጣት ግን ስሙ ላይ በትክክል ይመዘገባል፤ ለዚያ ጊዜ ኔትወርኩ አለ።

የሚያስገርመው ኔትወርክ መጥፋቱ አይደለም፤ በለንደንም ይጠፋል። የሚያስገርመው «የት ላይ ነው የተቋረጠው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጥፋቱ ነው። ውሃ ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ይጠይቃል፤ ቧንቧው ተሰብሮ ነው? ፓምፑ ነው? መብራት ጠፍቶ ነው? ሚኒባስ መንገድ ላይ ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ ኮፈኑን ይከብና ሁሉም መካኒክ ይሆናል። ኔትወርክ ሲጠፋ ግን ዝናብ እንደ ዘነበ ተቆጥሮ ሁሉም ጥላ ፍለጋ ይሄዳል።

«ኔትወርክ የለም» የሚባል ብልሽት የለም። የተላቀቀ ገመድ አለ። የተቃጠለ ራውተር አለ። መብራት የጠፋበት የቴሌ ማማ አለ። በመንገድ ሥራ ማሽን የተቆረጠ ፋይበር አለ። «ዝጉ» ተብሎ የተሰጠ ትእዛዝም አለ። እነዚህ አምስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አምስት የተለያዩ ተጠያቂዎችም አሏቸው። አንድ ቃል ለሁሉም ሲሠራ ተጠያቂ የሚባል አይኖርም፤ ቃሉም የተወደደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከክፍሉ ውስጥ እንጀመር ቢባል፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኮምፒውተር ይወሰድ። በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ ጠዋት ሠርቶ ረፋድ ላይ መቆራረጥ የሚጀምር። ይገናኛል፣ ሃያ ደቂቃ ይሠራል፣ ይቋረጣል፣ አጥፍተው ሲያበሩት ይመለሳል፣ እንደገና ይቋረጣል። ሠራተኛው «የቴሌ ችግር ነው» ብሎ እጁን ያጣጥፋል። በዚያው ሰዓት ግን ጎረቤት ክፍል ያለው ኮምፒውተር በዚያው መስመር እየሠራ ነው። ይህ ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቴሌ ክፍል መርጦ፣ ወንበር መርጦ አያቋርጥም።

ከዚያ ወዲህ ተጠርጣሪዎቹ ጥቂት ናቸው። አንደኛዋ በኔትወርክ ገመዱ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ናት። ምላሷ ከተሰበረች ገመዱ ሶኬቱ ውስጥ ይንጠለጠላል እንጂ አይቆለፍም፤ በር በኃይል ሲዘጋ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ለጽዳት ጠረጴዛው ሲገፋ ይላቀቃል። ጫፉን ቆርጦ አዲስ ለመግጠም ክሪምፐርና አንዲት ትንሽ ጫፍ ካሉ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። በየቢሮው ግን ገመዱ በፕላስተር ታስሮ፣ ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት ተደርጎበት፣ «እንዳትነኩት» ተብሎ ዓመት ያስቆጥራል።

ሌላው ተጠርጣሪ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ዊንዶውስ ኃይል ለመቆጠብ ሲል የኔትወርክ ካርዱን እንዲያስተኛ የሚፈቅድ ምርጫ አለው። ሠራተኛው ከባለጉዳይ ጋር ሲነጋገር ኮምፒውተሩ ሳይነካ ይቆይና ካርዱ ይተኛል፤ አንዳንዱ ካርድ ደግሞ ከተኛ በኋላ መነሣት ያቅተዋል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ገብቶ የካርዱን ስም መክፈትና ፓወር ማኔጅመንት በሚለው ሥር ያለችውን ምልክት ማንሣት ነው መፍትሔው። ብር አይጠይቅም፤ ጨረታ አያስወጣም፤ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አያስፈልገውም። ምናልባት ችላ የተባለውም ለዚህ ይሆናል።

የሰዓቷ ነገር ደግሞ ሊያስቅ የሚገባ ነው፤ ባለጉዳይ ካልሆኑ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ቀኑንና ሰዓቱን የምትጠብቅለት ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች፣ ሳንቲም የምታህል ባትሪ ናት። እሷ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከዚያ ድረ ገጽ ሲከፈት፣ የድረ ገጹ የደኅንነት ማረጋገጫ የሚጸናበት ቀን ገና ያልደረሰ ይመስለውና «ይህ ገጽ አያስተማምንም» ብሎ ይዘጋል። ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ሀገሩ ከዓለም ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ መቁጠሩ ሳያንስ፣ ኮምፒውተሩ ከሀገሩም አሥር ዓመት ወደ ኋላ ቀርቷል። ሠራተኛው ግን ለባለጉዳዩ የሚነግረው ያንኑ ነው፤ «ኔትወርክ የለም»።

ሁለት ራውተር ያለበት ቢሮም አለ። አንድ ሰው ለስልኩ ዋይፋይ እንዲሆነው ከቤቱ ራውተር አምጥቶ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰካል። ሁለቱም ራውተሮች ለኮምፒውተሮቹ አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ አንድ ቀበሌ ሁለት ሊቀመንበር ሲሾምለት የሚሆነውን ማሰብ ነው። ግማሹ ኮምፒውተር ከአንዱ አድራሻ ይቀበልና ይሠራል፣ ግማሹ ከሌላው ይቀበልና መውጫ ያጣል። ነገ ደግሞ ዕጣው ይገለባበጣል። እንዲህ ያለ ብልሽት ወራት ሙሉ «አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም» እየተባለ ይኖራል።

የመብራቱ ከፍና ዝቅ ማለት ሲጨመርበት ሥዕሉ ይሞላል። ራውተር በትንሽ አዳፕተር የሚሠራ ዕቃ ነው። መብራቱ ሲንቀጠቀጥ አዳፕተሩ ይደክማል፤ ራውተሩም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ራሱን እያጠፋ ያበራል። መሬት ላይ ተቀምጦ፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ላዩ ላይ ፋይል ተከምሮበት ከሆነ ሙቀቱም ይገድለዋል። ስታቢላይዘሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለኃላፊው ቴሌቪዥን ነው።

ይህን ሁሉ ለይቶ ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «ፒንግ» በሚለው ትእዛዝ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ በቂ ነው። መጀመሪያ የቢሮውን ራውተር፤ እሱ ካልመለሰ ችግሩ ክፍሉ ወይም ግቢው ውስጥ ነው፣ ቴሌን መርገም አያስፈልግም። ራውተሩ ከመለሰ ወደ ውጭ፣ ለምሳሌ 8.8.8.8፤ ይህ ካልመለሰ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ይህም ከመለሰ አንድን ድረ ገጽ በስሙ፤ ስሙ ብቻ ካልተገኘ መስመሩ ደህና ነው፣ የታመመው ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉመው አገልግሎት ነው። እንደ ባንክና እንደ አንዳንድ የመንግሥት ተቋም በዝግ መስመር የሚሠራ ቢሮ ከሆነ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ለማዕከሉ ሰርቨር ይቀርባል። ሦስት መስመር፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ ለባለጉዳዩ የሚነገር እውነተኛ መልስ ይኖራል።

እዚህ ላይ የቢሮዎቹ የአይቲ ባለሙያዎች የሚያነሡት ቅሬታ አለ፤ ቅሬታውም ውሸት አይደለም። ብዙ ቢሮ አንድ ባለሙያ ይጋራል፤ መለዋወጫ የለም፤ አንዲት የገመድ ጫፍ ለማስገዛት የሚሞላው ፎርም ከዕቃዋ ዋጋ በላይ ወረቀት ይፈጃል። ለኮምፒውተር ግዥ በጀት ይገኛል፣ ርክክቡም ፎቶ ይነሣል፤ ለጥገና ግን በጀት ማግኘት ጭንቅ ነው። ሪባን ቆርጦ ክሪምፐር ያስመረቀ ኃላፊ ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህ ጥፋቱን በባለሙያው ጫንቃ ላይ ብቻ መጫን ግፍ ነው። ነገር ግን ባለሙያውም «የቴሌ ነው» ማለት ከጥያቄ እንደሚያድነው ስለሚያውቅ ይላታል። ያቺ ቃል ለሁሉም ትመቻለች።

ከክፍሉ ሲወጣ ጉዳዩ ይከብዳል። ሁሉም ጥፋት የገመድ ነው የሚል የዋህ የለም። የቴሌ ማማ በመብራት ይሠራል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ፣ ባትሪው ሲያልቅ በጄኔሬተር፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ሲያጣ በምንም። አጠገባቸው የሶር ወንዝ የኃይል ማመንጫ ያላቸው ከተሞች ማማቸው መብራት አጥቶ ሲሞት ማየት የራሱ ምሬት አለው። ፋይበርም ቢሆን መንገድ ሲሠራና ሲሰፋ በማሽን ይቆረጣል፤ ኢትዮ ቴሌኮም ራሱ በየጊዜው ይህንና ስርቆትን ለመቋረጥ ምክንያት አድርጎ ይጠቅሳል። ወደ ማዕከል የሚወስደው መስመር አንድ ብቻ የሆነለት ከተማ በአንድ ቁርጥ ይጨልማል፤ በዓለም ዙሪያ የኔትወርክ መሐንዲሶች ለዚህ ያገኙት መፍትሔ ቀለበት መዘርጋት ነው፣ በአንዱ በኩል ሲቆረጥ በሌላው እንዲዞር። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ከተማ ነዋሪ «ለከተማዬ ሁለተኛ መንገድ አለ ወይስ የለም?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው።

«ኢሉባቦር ዝናባም ነው፣ ጫካ ነው፣ ተራራ ነው» የሚለው ሰበብ ግን ጊዜው አልፎበታል። በ1990ዎቹ የወረዳ ኔት ሲዘረጋ ወረዳዎቹ በሳተላይት ሳህን ይገናኙ ነበር፤ የሳተላይት ምልክት በኃይለኛ ዝናብ እንደሚዳከም የታወቀ ነው። ያኔ ዝናቡን መውቀስ ያስኬድ ነበር። መሬት ውስጥ የተቀበረ ፋይበር ግን ዝናብ አይፈራም። የጎሬ ዝናብ ትናንት አልመጣም፤ ከጎሬ በፊት ነበር። ዝናብ በሚዘንብበት ሀገር ዝናብ የማይችል ዕቃ የዘረጋ ሰው ተፈጥሮን ምስክር አድርጎ ሊቆም አይችልም። የአርባና የሠላሳ ዓመት ሰዎች ፕላዝማውን ያስታውሳሉ፤ ትምህርቱ በሳተላይት ይተላለፍ ነበር፣ ክፍሉ ውስጥ መብራት ሲጠፋ ግን ያመለጠው አምልጦ ቀረ። ያኔም ጥያቄው አልተጠየቀም።

ለምን አይጠየቅም? «ሕዝቡ ስለ ቴክኖሎጂ አያውቅም» የሚሉ አሉ፤ ስድብ ነው። ሕዝቡ የማይጠይቀው ባለማወቅ አይደለም፤ ከልምድ በተማረው ነው።

በሰኔ 2011 ዓ.ም. በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ሰኔ 15 የባሕር ዳሩና የአዲስ አበባው ግድያ ሲፈጸም ደግሞ በመላ ሀገሪቱ ጠፋ። በዚያው ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በጋዜጣዊ መግለጫ ኢንተርኔት እንደ ውሃና አየር አይደለም፣ ካስፈለገ ይዘጋል የሚል መልእክት አስተላለፉ። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ ኢሉባቦር በምትዋሰናቸው የወለጋ አካባቢዎች ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ሳይቀር ተቋረጠ፤ ሦስት ወር ገደማ ቆየ፤ የኮሮና ወረርሽኝ ሀገር ውስጥ ከገባ በኋላ እንኳ ሰው ስለ በሽታው ደውሎ መጠየቅ የማይችልበት ጊዜ ነበር። ሰኔ 22 ቀን 2012 ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ መላ ሀገሪቱ ከኢንተርኔት ተለየች፤ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ፣ አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ያዩት የታወቀ ነው። በየካቲት 2015 ማኅበራዊ ሚዲያው ሲታገድ አምስት ወር ቆየ፤ ሁለተኛው ኩባንያ ሳፋሪኮም ያኔ ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ትእዛዝ ሲመጣ ግን የኩባንያ ብዛት ለውጥ አያመጣም።

በእነዚህ ቀናት ሁሉ በየመስኮቱ የተነገረው ምን ነበር? «በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቷል» የተባለ ባለጉዳይ ብዙ አይደለም። «ኔትወርክ የለም» ነው የተባለው። ያው ገመድ ሲላቀቅ የሚባለው። ሰውም «ለምን?» ብሎ መጠየቅ አደጋ ሊኖረው የሚችል ጥያቄ መሆኑን ተማረ። የዛሬው ዝምታ የመጣው ከዚያ ነው። አንድ መንግሥት ሆን ብሎ የዘጋውን መስመር በብልሽት ስም ሲሸፍን፣ ከዚያ በኋላ ብልሽት ሁሉ ትእዛዝ ይመስላል፣ ትእዛዝም ሁሉ ብልሽት ይመስላል። ሰነፉ የጥገና ሠራተኛ በትልቁ ምሥጢር ጥላ ሥር ያርፋል። የተሰበረችው የገመድ ምላስ ዓመት የምትቆየው፣ ከላይ ማን እንደዘጋው የማይጠየቅበት ሀገር ውስጥ ከታች ማን እንዳልጠገነው የሚጠየቅ ስለሌለ ነው።

«የደኅንነት ጉዳይ ነው፣ ሁሉ ነገር አይነገርም» ለሚሉት አንድ ጥያቄ አለ። መስመሩ ሲዘጋ መዘጋቱን የማያውቅ ማን ነው? የታጠቀው ወገን በመጀመሪያው ደቂቃ ያውቀዋል። በውጭ ሀገር ሆነው የኢንተርኔት ፍሰትን የሚለኩ ድርጅቶች በሰዓታት ውስጥ በግራፍ ያወጡታል። እውነቱ የሚደበቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ወረፋ ላይ ከቆመው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ሲል፣ ከወረፋው ሰው በስተቀር አላለም።

ይህ ሁሉ ድሮ ቢሆን ኖሮ የሚታለፍ ነበር፤ ድሮ ወረቀት ነበረ። አሁን ወረቀቱ ተነሥቷል። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ የጸደቀው በዚያው ኢንተርኔት በተዘጋበት በ2012 ዓ.ም. ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ጀመረ። ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ የተደረገው በ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማደያው ነዳጅ እያለው፣ ባጃጁ ገንዘብ እያለው፣ ኔትወርክ ስለሌለ ብቻ ሁለቱም ተፋጠው ሊቆሙ ይችላሉ። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከሐምሌ 2015 ጀምሮ በኮምፒውተር ይሰጣል፤ መቱ ዩኒቨርሲቲም፣ የበደሌው ካምፓስም ልጆቻቸውን ያስቀመጡት እዚያው ስክሪን ፊት ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናም ወደዚያው እየሄደ ነው። የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ራውተር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ራውተሩ መሬት ላይ አቧራ መጠጣቱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው ሊባል አይችልም።

ዲጂታል መሆን ይቅር የሚል ክርክር እዚህ የለም። በወረቀቱ ዘመን ፋይል ጠፋ የሚባለውን፣ ፋይሉም በሁለት መቶ ብር የሚገኘውን ማንም አልረሳውም። ነገር ግን አገልግሎት ወደ ኮምፒውተር ያስገባ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩ ሲቆም ምን እንደሚደረግ አብሮ የማስገባት ግዴታ አለበት። አውሮፕላን የገዛ አየር መንገድ የማረፊያውን ጎማ ለሌላ በጀት ዓመት አያስተላልፍም።

ስለዚህ ከየቢሮው የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም። መስመር ሲቋረጥ መስኮቱ ላይ ወረቀት ይለጠፍ፤ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደጠፋ ይጻፍበት። ሦስቱ ጥያቄዎች ተጠይቀው መቋረጡ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ግቢው ውስጥ ነው ወይስ ከዚያ ወዲያ፣ ይጻፍበት። ለማን እንደተነገረ፣ በስንት ሰዓት እንደተነገረ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ ይጻፍበት። ከሩቅ ወረዳ መጥቶ የሚመለስ ሰው የመጣበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ያለው ቁራጭ ወረቀት ይሰጠው፤ የክፍያ ቀን ካለፈበት ቅጣቱ እንዳይነካው፣ ሲመለስም ወረፋው እንዳይጠፋ። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣኑ የአገልግሎት ጥራትና የደንበኞች መብት መመሪያ አለው፤ በመመሪያው መሠረት አቤት ለማለት ደግሞ ቀንና ሰዓት ያለው ማስረጃ ያስፈልጋል፣ «ሁልጊዜ ይጠፋል» የሚል ምሬት ፋይል አይከፍትም። ሦስት ወር የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች መቱ ውስጥ ስንቱ ጥፋት የቴሌ፣ ስንቱ የመብራት ኃይል፣ ስንቱ የራሱ የቢሮው እንደሆነ ከማንኛውም አውደ ጥናት በተሻለ ያሳያሉ። ዛሬ ይህን የሚያውቅ የለም፤ ቴሌ ቢሮውን ይወቅሳል፣ ቢሮው ቴሌን፣ ሁለቱም መብራት ኃይልን።

ትእዛዝ ከሆነም ትእዛዝ ነው ይባል። የሰጠው አካል ስም፣ የተሰጠበት ሕግ፣ የሚያበቃበት ቀን። ለዚህም ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይተው።